27ኛው ሻለቃ አልፈረሰም

ስለ አንድ የጦር ክፍል የሚጻፍ ጽሑፍ ቅርጹ የታወቀ ነው። ስም፣ የተመሠረተበት ቀን፣ የፈረሰበት ቀን፣ የጦር ሰፈር፣ የተዋጋባቸው ቦታዎች፣ አዛዦች፣ አርማ፣ ማርሽ። አንብባችሁ ስትጨርሱ ብዙ ያወቃችሁ ይመስላችኋል። እኔ ግን በዚህ ቅርጽ የተጻፈ ታሪክ ባይጻፍ ይሻላል ባይ ነኝ። ውሸት ስላለበት አይደለም፤ ቀኖቹም ስሞቹም አብዛኛውን ጊዜ ልክ ናቸው። ጣጣው ያለው ቅርጹ ላይ ነው፦ ዋናው ነገር የሚገባበት ቦታ የለውም።

ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ነው። በእኛ ሙያ አንድ ዳታቤዝ ሲነደፍ መጀመሪያ የሚወሰነው ምን ምን ኮለም ይኑረው የሚለው ነው። ኮለም ያልተሰጠው ነገር አይመዘገብም። ያልተመዘገበ ነገር ተፈልጎ አይገኝም። ተፈልጎ ያልተገኘ ነገር ደግሞ ውሎ አድሮ እንዳልነበረ ይቆጠራል። የጦር ክፍል ታሪክ «ማን ከፈለው?» የሚል ኮለም የለውም። «መጨረሻ ላይ የተኮሰው ማን ላይ ነው?» የሚልም የለውም። ቴሌግራምና ዩቲዩብ ላይ ከበሮ እየተመታበት በአማርኛ የሚቀርብልን «የዓለማችን አስፈሪ ጦሮች» ምናምንም ይኼንኑ ጎዶሎ ሰንጠረዥ ተርጉሞ ነው የሚያጎርሰን።

እስቲ አንዱን ከፍተን እንየው። ቀኖቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።

ስም፦ የፕሩሲያ ንጉሣዊ 27ኛ ዬገር ሻለቃ። ተመሠረተ፦ ሜይ 1916። ፈረሰ፦ ፌብሩዋሪ 1918። «ዬገር» በጀርመንኛ አዳኝ ማለት ነው፤ እነዚህ ቀላል እግረኛ ክፍሎች ጥንት ከደን ጠባቂዎችና ከአዳኞች ይመለመሉ ስለነበር ስሙ በዚያው ቀረ። ሁለት ዓመት እንኳን ያልሞላው አንድ ሻለቃ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሚሊዮኖችን ካሰለፈ ሠራዊት ውስጥ ከቁጥር የማይገባ ነገር። ታዲያ ምን አስጨነቀኝ? ነገሩ እንዲህ ነው፦ የዚህ የጀርመን ሻለቃ ወታደሮች ፊንላንዳውያን ነበሩ፤ የዚያች አገር የአንድ ክፍለ ዘመን ቁስልም በዚህ ሻለቃ በኩል ያልፋል።

ማን ከፈለው?

ፊንላንድ ከ1809 ጀምሮ በሩሲያ ዛር ሥር የነበረች፣ ግን የራሷ ሕግና አስተዳደር ያላት ግዛት ነበረች። በ1899 ዳግማዊ ኒኮላስ ያንን የራስ ገዝነት የሚሸረሽር አዋጅ አወጣ። ቀጥሎም ፊንላንድ የነበራት አነስተኛ ጦር ተበተነ። በ1914 የዓለም ጦርነት ሲጀመር አገሪቱ የራሷ ወታደርም መኮንንም አልነበራትም።

ኖቬምበር 20 ቀን 1914 ሄልሲንኪ ውስጥ ተማሪዎች ተሰብስበው አንድ ውሳኔ ላይ ደረሱ፦ ውጭ አገር ሄደን ወታደራዊ ሥልጠና እንውሰድ። በሩን የከፈተችላቸው ጀርመን ነበረች። ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1915 ሁለት መቶ የማይሞሉ ወጣቶች ከሃምቡርግ ሰሜን ሎክሽቴት በሚባል የጦር ሰፈር ሥልጠና ጀመሩ። ምስጢሩ እንዳይወጣ «የስካውት ኮርስ» ተባለ። ከወራት በኋላ ጀርመኖች ቁጥሩን ለማሳደግ ፈቀዱ፤ ምልመላው በመላ ፊንላንድ በድብቅ ተጧጧፈ። መጀመሪያ የመጡት በአብዛኛው ተማሪዎች ነበሩ፤ በኋላ ግን የገበሬና የሠራተኛ ልጆች በዙ። በስተመጨረሻ ወደ 1,900 ደረሱ።

እንዴት ሄዱ? ከፊሉ በሰሜን በቶርኒዮ በኩል ወደ ስዊድን ተሻገረ። ከፊሉ የበረዶውን ባሕር በስኪና በእግር አቋርጦ ሄደ። የተያዙት ፔትሮግራድ ውስጥ ሽፓለርናያ በሚባል እስር ቤት ታጎሩ፤ ክሳቸው የአገር ክህደት ነበር። ጀግንነት አልነበረም የሚል ሰው ካለ እኔ አይደለሁም። በሃያ ዓመቱ በሌሊት በበረዶ ላይ ተራምዶ ሞት ወደሚያስፈርድ ነገር የሚሄድ ሰው ወኔ ጎደለው አይባልም።

ግን ጀርመን ለምን ከፈለች? የፊንላንድ ነጻነት እንቅልፍ ነስቷት አይደለም። የጠላቷ የሩሲያ ቤት ከውስጥ እንዲናጋ ነው። ወጣቶቹም የፈረሙት ሰነድ የሚለው በየትኛውም ቦታ የጀርመንን መንግሥት እናገለግላለን ነው። ፊርማው ሥራ ላይ የዋለው ወዲያው ነው። በ1916 ክረምታቸው ሳይደርስ ወደ ምሥራቁ ግንባር ተላኩ፦ በዛሬዋ ላትቪያ፣ ሚሳ በሚባል ወንዝ ዳር፣ ቀጥሎም በሪጋ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ፣ ከዚያም በጃንዋሪ 1917 አጥንት በሚሰብር ብርድ በአ ወንዝ። ለፊንላንድ ነጻነት ብለው ከቤታቸው የጠፉ ልጆች የሰው አገር ረግረግ ውስጥ የሌላ ንጉሥ ምሽግ ጠባቂ ሆኑ። ያጉረመረሙም ነበሩ። ለውትድርና አይመቹም የተባሉት ሃምቡርግ አጠገብ አልቶና ባረንፌልድ ወደሚገኝ የጉልበት ሥራ ምድብ ተላኩ።

«የጠላቴ ጠላት ወዳጄ ነው» የሚለው ስሌት አጭር ነው፤ ስለዚህም ይማርካል። የወዳጅነቱ ደረሰኝ ግን በኋላ ይመጣል። ማርች 7 ቀን 1918 ፊንላንድ ከጀርመን ጋር የተፈራረመችው ውል ገና የተወለደችውን አገር በንግድና በፖለቲካ የጀርመን ጥገኛ የሚያደርግ ነበር። ኦክቶበር 9 ቀን 1918 ደግሞ የፊንላንድ ፓርላማ አንድ ጀርመናዊ ልዑል፣ የሄሰኑን ፍሪድሪሽ ካርልን፣ ንጉሥ አድርጎ መረጠ። ከአንድ ወር በኋላ ጀርመን ራሷ ተሸነፈች፤ ልዑሉም ዘውዱን ሳይደፋ ዲሴምበር ላይ ተወው። ፊንላንድ ከዚያ ዕዳ ያመለጠችው ባበዳሪዋ ኪሳራ ነው። ይኼን ዕድል እንጂ ብልሃት ብሎ የሚጠራ ታሪክ ጸሐፊ ካለ አትመኑት።

አዛዥ፦ ማክሲሚሊያን ባየር

በሰንጠረዡ ላይ «አዛዥ» የሚል ኮለም አለ። እዚያ ውስጥ የሚገኘው ስም ሜጀር ማክሲሚሊያን ባየር ነው። የጀርመን ስካውት እንቅስቃሴ ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ ነው፤ «የስካውት ኮርስ» የሚለው ሽፋንም ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ፊንላንዳውያኑ ይወዱት እንደነበር ይነገራል። በኦክቶበር 1917 ፈረንሳይ ግንባር ላይ ተመትቶ ሞተ። ብዙ ጊዜ የሚጻፈው እዚህ ጋ ያበቃል።

የዛሬይቱ ናሚቢያ በ1904 የጀርመን ቅኝ ግዛት ነበረች። የሄሬሮ ሕዝብ ተነሣ። ባየር በዚያ ዘመቻ የጄኔራል ስታፍ መኮንን ነበር፤ በ1909ም ከዋናው መምሪያ ጋር ሆኖ ስላሳለፈው ዘመቻ መጽሐፍ አሳትሟል። የዘመቻው አዛዥ ሎታር ፎን ትሮታ ነበር። ኦገስት 11 ቀን 1904 ዋተርበርግ ላይ ውጊያ ተደረገ። የተሸነፉት ሄሬሮዎች ሴቱም ሕፃኑም ከብቱም ወደ ኦማሄኬ በረሃ ሸሹ፤ የጀርመን ጦር ወደ ውሃ ጉድጓዶቹ እንዳይመለሱ ዘጋባቸው። ኦክቶበር 2 ቀን ፎን ትሮታ በግዛቱ ውስጥ የተገኘ ማንኛውም ሄሬሮ እንዲገደል የሚያዝ አዋጅ አወጣ። ከሄሬሮ ሕዝብ አብዛኛው፣ ከናማ ሕዝብ ደግሞ ግማሽ ያህሉ አለቀ። የጀርመን መንግሥት ይኼን በይፋ ዘር ማጥፋት ብሎ የጠራው ሜይ 2021 ላይ ነው፤ 117 ዓመት ፈጀበት።

«ይኼ ለፊንላንዱ ተማሪ ምን አገባው?» ልትሉኝ ትችላላችሁ። ልክ ናችሁ፣ ተማሪው ናሚቢያ ውስጥ ማንንም አልገደለም። እኔም ኃጢአቱን እሱ ላይ መለጠፍ አልፈልግም። የምለው ሌላ ነው። አንድ ሰው «የወጣቶች መሪ፣ ደግ አዛዥ» ተብሎ ሲመዘገብ በዋተርበርግ ጊዜ የት እንደነበር የሚመዘገብበት ኮለም ካልተሠራ፣ ያ ሰንጠረዥ የተሠራው ለአንድ ወገን አንባቢ ነው። እኛ ደግሞ ያ አንባቢ አይደለንም። አፍሪካ ውስጥ ቁጭ ብለን የባየርን ገድል ወደ አማርኛ ስንተረጉም ይቺን እንኳን አለመጠየቃችን ነው የሚገርመው።

መጨረሻ ላይ የተኮሰው ማን ላይ ነው?

ዲሴምበር 6 ቀን 1917 ፊንላንድ ነጻነቷን አወጀች። ልብ በሉ፦ ዬገሮቹ ያኔ ገና በላትቪያዋ የወደብ ከተማ በሊባው ነበሩ። ነጻነቱ የታወጀው ሩሲያ በአብዮት ስለተናጠች ነው፤ በዓመቱ መጨረሻ የሌኒን መንግሥት ራሱ ዕውቅና ሰጠ። የ27ኛው ሻለቃ አባላት ሊዋጉት የሄዱት ዛር ከዙፋኑ ከወረደ ወራት አልፈውታል።

ፊንላንድ ውስጥ ግን ሌላ እሳት ተቀጣጥሎ ነበር። መሬት የሌለው ጭሰኛ፣ ዳቦ ያጣ ሠራተኛ፣ የፈረሰ ፖሊስ፣ በየመንደሩ የሚታጠቁ ሁለት ዓይነት ዘቦች፦ ነጮቹና ቀዮቹ። በጃንዋሪ 1918 መጨረሻ ቀዮቹ ሄልሲንኪን ያዙ፤ የነጮቹ መንግሥት ወደ ቫሳ ሸሸ። የእርስ በርስ ጦርነት።

ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1918 ሊባው ውስጥ በሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ዬገሮቹ ለነጮቹ መንግሥት ቃለ መሐላ ፈጸሙ። እዚህ ጋ ነው «ፈረሰ» የሚለው ቀን የሚጻፈው። ዋናው ክፍል ፌብሩዋሪ 25 ቀን በመርከብ ቫሳ ገባ፤ ሥልጠናው ከተጀመረ ልክ በሦስት ዓመቱ። ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ ተቀበላቸው። ለዛሬም የሚታየው ፎቶ የዚያን ቀን ነው።

ፎቶው ላይ የሌሉ አሉ። ወደ 450 የሚሆኑ ዬገሮች ጀርመን ቀርተዋል። ከነሱ መካከል ወደ ቀዮቹ ያዘነብላሉ ተብለው የተጠረጠሩ ይገኙበታል። በአንድ ካምፕ ተኝተው፣ ከአንድ ድስት በልተው፣ በአንድ ምሽግ ቆመው፣ በመጨረሻ ሰዓት «አንተ ና፣ አንተ ቅር» ተባሉ። የእርስ በርስ ጦርነቱ ሻለቃው ውስጥ የገባው መርከቡ ላይ ሳይወጡ ነው።

ቫሳ ሲደርሱ የጠበቃቸው ዋና አዛዥ ካርል ጉስታፍ ማነርሃይም ነበር፤ እስከ ትናንት የዛሩ ጄኔራል፣ በዚያው የዓለም ጦርነት ጀርመንን ሲዋጋ የነበረ ሰው። ሩሲያን ለመዋጋት ከቤታቸው የጠፉ ልጆች በሩሲያ ጄኔራል ሥር የፊንላንድ ሠራተኛና ጭሰኛ ላይ ዘመቱ። ማነርሃይም አንድ ላይ አላቆያቸውም፤ አዲስ የተመለመለውን ጦር እንዲያሠለጥኑና እንዲመሩ መኮንንና የበታች ሹም አድርጎ በታተናቸው። ለነጮቹ የጦሩ አከርካሪ ሆኑ ማለት ነው። ማርች 28 ቀን ታምፔሬ ከተማ ዳር፣ ካለቫንካንጋስ በሚባል የመቃብር ስፍራ በኩል፣ ሁለተኛው ዬገር ሬጅመንት ወደ ቀዮቹ ምሽግ ተነዳ። «ዬገር» ይባል እንጂ ወታደሮቹ የጥቂት ሳምንት ሥልጠና ያላቸው የግዳጅ ምልምሎች ነበሩ። እንደ ቅጠል ረገፉ። ታምፔሬ ኤፕሪል 6 ቀን ስትወድቅ ወደ 11,000 ቀዮች ተማረኩ።

ጦርነቱ ሜይ 1918 ላይ አበቃ። ሞቱ ግን አላበቃም። ቀዮቹ በበኩላቸው ወደ 1,500 ሰው ገና ከጦር ሜዳ ውጭ ገድለዋል፤ ይኼን ማድበስበስ አልፈልግም። ነጮቹ የገደሉት ከ8,000 እስከ 10,000 ይገመታል። ወደ 80,000 የሚጠጉ ሰዎች ታሰሩ፤ ከነሱ ከ12,000 በላይ የሚሆኑት በራብና በበሽታ ካምፕ ውስጥ ሞቱ። ታሚሳሪ በሚባለው ካምፕ ብቻ ወደ 3,000። ካምፖቹን ያስተዳደረው ሻለቃው አይደለም። ድሉን ያመጣው ጦር አከርካሪ ግን እሱ ነበር። በጠቅላላ ከ36,000 በላይ ሰው ሞተ፤ ከሦስት ሚሊዮን ጥቂት ከፍ ከሚል ሕዝብ አንድ በመቶ ማለት ነው። ጦርነቱ የወሰደው ጊዜ አራት ወር አይሞላም።

«ፈረሰ» ማለት ምን ማለት ነው?

አሁን ወደ ሰንጠረዡ እንመለስ። «የፈረሰበት ቀን፦ ፌብሩዋሪ 1918።»

ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1924፣ ዬገር መኮንኖች በጅምላ የመልቀቂያ ማመልከቻ አስገቡ። ጥያቄያቸው በሩሲያ ጦር ያገለገሉ መኮንኖች ከአመራር ይውረዱ የሚል ነበር። በ1926 የጦሩ አዛዥ ቪልካማ ወርዶ ዬገሩ ኣርኔ ሲህቮ ቦታውን ያዘ። «የፈረሰ» ሻለቃ የአንዲትን ሉዓላዊ አገር ሠራዊት አመራር በማኩረፍ ብቻ ተረከበ።

ይቀጥላል። ኦክቶበር 1930 ላይ የአገሪቱ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት የነበሩት ስቶልበርግ ከነባለቤታቸው ታፍነው ተወሰዱ። በዚህ ጉዳይ ከተከሰሱት አንዱ የጄኔራል ስታፍ ኃላፊ የነበረው ዬገሩ ቫሌኒዩስ ነበር። ያው ሰው በ1932 በማንትሳላ መንግሥት ላይ ከተነሣው አመጽ መሪዎች አንዱ ሆነ። ሚዛኑን ለመጠበቅ ያህል፦ በዚያው ቀን የዘቦቹ አዛዥ የነበረው ላውሪ ማልምበርግም ዬገር ነው፤ እሱ ከመንግሥት ጎን ቆመ። ነጥቤ ዬገር ሁሉ አመጸኛ ነው የሚል አይደለም። በአመጹም በኩል በመንግሥቱም በኩል ወሳኙ ሰው ከአንድ ሻለቃ የወጣ መሆኑን እዩት። ባንዲራው ሲጠቀለል ሰነዱ ላይ ፈረሰ ይባላል፤ ትውውቁ፣ ኩራቱ፣ «አገሪቱን የሠራናት እኛ ነን» የሚለው ስሜት ግን አይጠቀለልም። ጠመንጃ አንስተው ከድል የተመለሱ ወጣቶች በዕድሜ ልካቸው አገሪቱ ባለዕዳቸው ትመስላቸዋለች።

የዚህ ታሪክ አፍቃሪዎች ጠንካራ መልስ አላቸው፤ እኔም ከነክብደቱ ላቅርበው። በ1939 ሶቪየት ኅብረት ፊንላንድን ስትወር አገሪቱን ያተረፉት መኮንኖች እነማን ነበሩ? ቶልቫያርቪ ላይ የመጀመሪያውን ትልቅ ድል ያስገኘው ታልቬላ ዬገር ነው። የካሬሊያን ልሳነ ምድር ጦር የመሩት ኦስተርማንም ሄይንሪክስም ዬገሮች ናቸው። ሎክሽቴት ባይኖር ኖሮ ፊንላንድ ዛሬ የት ነበረች?

መልሱ እውነት ነው። ሙሉ መልስ ግን አይደለም። በ1939 ምሽግ ውስጥ ከገባው ተራ ወታደር ብዙው አባቱ ወይም አጎቱ በ1918 የተሸነፈ ሰው በሆነባቸው መንደሮች የተመለመለ ነው፤ የነዚያ ቤተሰቦች ልጆች ሸሽተው ቢሆን ኖሮ የትኛውም ጄኔራል ብቻውን ድንበር አይጠብቅም ነበር። አልሸሹም። ስለዚህ ውለታ ይቆጠር ከተባለ በሁለቱም ዓምድ ይቆጠር። የጄኔራሉ ስም በመንገድ ላይ ሲጻፍ የታሚሳሪ ሙት ልጅ «አመኑንም አላመኑንም እዋጋለሁ» ብሎ የሄደበት ነገርም ይጻፍ።

ሁለት መዝገቦች

ይኼን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ከምንም በላይ ያሰብኩት ስለ ሁለት መዝገቦች ነው።

የመጀመሪያው በ1938 የታተመው የዬገሮች የሕይወት ታሪክ መዝገብ ነው። ወደ 1,900 ሰው፣ አንድ በአንድ፦ መቼ ተወለደ፣ መቼ ገባ፣ የት ተዋጋ፣ ምን ማዕረግ ደረሰ። ከሃያ ዓመት በኋላ አንድም እንዳይቀር ተብሎ የተሠራ ሥራ ነው። በ1975 ደግሞ እንደገና ታትሟል።

ሁለተኛው የፊንላንድ መንግሥት በ1998 ያስጀመረው የጦርነት ሙታን ጥናት ነው። ከ1914 እስከ 1922 የሞቱትን ነጭ፣ ቀይ፣ ከሁለቱም ያልሆነ ሳይል በስም ፈልጎ መዘገበ፤ ውጤቱም ማንም ሰው ኢንተርኔት ላይ ገብቶ የአያቱን ስም የሚፈልግበት ዳታቤዝ ሆነ። ከ36,000 በላይ ስም። ጦርነቱ ካለቀ ከ80 ዓመት በኋላ።

በሙያዬ ስለዳታቤዝ ብዙ ሰምቻለሁ፤ እንደዚህ የከበደኝ ግን የለም። የመጀመሪያውን ለመሥራት ሃያ ዓመት በቃ፤ ሁለተኛውን ለመሥራት ሰማንያ። ሥራው ስለከበደ ነው እንዳይባል፣ የደብር መዝገብ እንደ ፊንላንድ በሥርዓት የተያዘበት አገር ጥቂት ነው። ኮለሙን መክፈት የሚፈልግ ስላልነበረ ነው። በመካከሉ ለአሸናፊው «የነጻነት ጦርነት» ነበር፣ ለተሸናፊው በየቤቱ በሹክሹክታ የሚነገር ነገር። ዝምታውን በሰፊው የሰበረው እንኳን የታሪክ መጽሐፍ ሳይሆን ልቦለድ ነው፤ ቫይኖ ሊና በ1960 ያሳተመው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የምንለው እኮ ይኼው ነው፤ በመዝገብ በኩል ስታዩት ደግሞ የወጋው ስሙን ያሳትማል፣ የተወጋው ልጁን ዝም ያስብላል።

ዳታቤዙ ማንንም ከሞት አላስነሣም። ማንንም ጥፋተኛ ብሎ አልፈረደም። ያደረገው ነገር ቀላል ነው፦ ለሁሉም አንድ ዓይነት ኮለም ሰጠ። ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራ፣ የሞተበት ቦታ፣ የሞተበት ሁኔታ። በዚህ ሰንጠረዥ ውስጥ ታምፔሬ ላይ የወደቀው ዬገርና ታሚሳሪ ላይ በራብ የሞተው ጭሰኛ አጠገብ ለአጠገብ ናቸው። የጦር ታሪክ ለመጻፍ የሚፈልግ ሰው መነሻው ይኼ ይሁን ነው የምለው።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ የውጭ ልዩ ኃይሎችን ገድል በሞቀ ድምፅ የሚተርክ ቪዲዮ ቀጥሎ ሲመጣላችሁ አትዝለሉት። እስከ መጨረሻው እዩት፤ የጠመንጃውን ስም፣ የአርማውን ትርጉም፣ የማርሹን አቀናባሪ ሁሉ ይነግራችኋል። ለ27ኛው ሻለቃ አቀናባሪው ሲቤሊዩስ ነው፣ በ1917፤ ያንን ሁሉም ያውቃል። ከዚያ አስተያየት መስጫው ላይ ሦስት ጥያቄ ብቻ ጻፉ። ማን ከፈላቸው? በፎቶው ላይ የሌለው ማን ነው? መጨረሻ ላይ የተኮሱት ማን ላይ ነው? መልስ ከሌለው፣ ያያችሁት ታሪክ ሳይሆን የጦር ክፍል ማስታወቂያ ነው።